ለአባቴ፣ ከማክሰኞው ምርጫ በፊት

የካቲት 16 ቀን 2012 ዓ.ም.
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ውድ አባቴ፣

እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሰዎ። ትራምፕን የሚወዳደረውን ዕጩ በምንመርጥበት የዴሞክራቲክ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ለሳንደርስ ወይስ ለባይደን ድምፅ እንስጥ ብለን ቅዳሜ ማታ የጀመርነው ክርክር በስልክ የሚያልቅ አልመሰለኝም፤ እርስዎም ነገርን በጽሑፍ አይተው ረጋ ብለው መመዘን ስለሚወዱ ሐሳቤን ጽፌ ልኬልዎታለሁ። «ሜዲኬር ለሁሉም ይዳረስ የሚለው የሳንደርስ ሐሳብ መልካም ነው፤ ሰውየው ግን ትራምፕን ስለማያሸንፍ ድምፄን ለባይደን እሰጣለሁ» ብለውኛል። በመጀመሪያው፣ ማለትም የአረጋውያኑ የመንግሥት የጤና ዋስትና ለሁሉም ሰው ይሁን በሚለው፣ ተስማምተናልና የምከራከረው ከሁለተኛው ጋር ብቻ ነው።

ማሸነፍ ዋጋ እንዳለው አልክድም፤ እዚሁ ቨርጂኒያ አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የፕሬዚዳንት ኦባማ የጤና ሕግ ሜዲኬይድ የሚባለው የድሆች የመንግሥት የጤና ዋስትና ለዝቅተኛ ገቢ ሠራተኞች እንዲሰፋ መንገድ ቢከፍትም፣ የግዛታችን ምክር ቤት ለዓመታት እምቢ ብሎ ቆየ። በኖቬምበር 2017 በተደረገው ምርጫ ግን ሪፐብሊካኖች በታችኛው ምክር ቤት የነበራቸው 66 መቀመጫ ወደ 51 ወረደ፤ በአንዱ ወረዳማ ድምፁ እኩል ለእኩል ሆኖ አሸናፊው የተለየው በዕጣ ነበር። በተከታዩ ዓመት ማስፋፊያው ጸደቀ፤ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮም ወደ 400,000 ለሚጠጋ ሰው በሩ ተከፈተ። «አየሽ፣ መጀመሪያ ማሸነፍ ነው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ነገር ግን ይህን ያህል መቀመጫ ይገለበጣል ብሎ አስቀድሞ የተናገረ ሰው እምብዛም አልነበረም፤ ካሸነፉት ብዙዎቹ «እዚያ አይሞከርም» በተባለባቸው ወረዳዎች የተወዳደሩ ሰዎች ናቸው።

በሰው ሆድ ያለውን ማን ያውቃል? በ2008 «ነጮች ለጥቁር ሰው ድምፅ አይሰጡም» ሲባል ሰምተዋል፤ ቨርጂኒያ ግን ከ1964 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የዴሞክራት ዕጩ መረጠች። በ2016 ደግሞ ሒላሪ ክሊንተን በእርግጠኝነት ያሸንፋሉ የተባለላቸው ዕጩ ነበሩ። እርስዎ ለባይደን ድምፅ ሊሰጡ ያሰቡት ሌላው ሰው የሚፈልገው እሳቸውን ነው ብለው ገምተው ነው፤ ያ ሌላው ሰው ደግሞ በፊናው የእርስዎን ልብ ይገምታል። በዚህ መካከል እርስዎም እሱም የምትፈልጉት ነገር ሳይነገር ይቀራል።

እኔ በየቀኑ የማየውን ልንገርዎ። በምሠራበት ፋርማሲ እንደ ጃንዋሪ የሚከብደኝ ወር የለም። ዓመቱ ሲለወጥ ዲዳክተብሉ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ሰው ከኪሱ የሚከፍለው ገንዘብ፣ እንደገና ከዜሮ ስለሚጀምር፣ በዲሴምበር በትንሽ ኮፔይ (የታካሚው ድርሻ ክፍያ) ሲወሰድ የነበረው መድኃኒት በጃንዋሪ በብዙ መቶ ዶላር ይመጣል። ባለፈው ወር አንድ የአገራችን ሰው፣ የኡበር ሾፌር ናቸው፣ የኢንሱሊናቸውን ዋጋ ስነግራቸው ያቀረቡትን ካርድ መልሰው አነሱና ጥቂት አሰቡ፤ ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአማርኛ «አንዱን ብቻ ስጪኝ፤ የቀረውን በኋላ እወስዳለሁ» አሉኝ። የቀረውን እስካሁን አልወሰዱም። እኚህ ሰው ኢንሹራንስ አላቸው። በ2018 ጨርሶ ኢንሹራንስ ያልነበራቸው 27.5 ሚሊዮን ሰዎች ናቸው ሲባል እሳቸው ከቁጥሩ ውስጥ አይገቡም። የሳንደርስ ረቂቅ ሕግ ዲዳክተብል የሚባለውን ነገር ከነጭራሹ የሚያስቀር በመሆኑ ነው ልቤ ወደዚያ ያደላው።

የባይደንን ዕቅድ አቃልዬ አልመለከትም። የሚፈልግ ሰው ከመንግሥት ኢንሹራንስ እንዲገዛ መፍቀድ ትልቅ እርምጃ ነው፤ የምርጫ ዘመቻቸውም ዕቅዱ ከመቶ 97 ለሚሆነው ሕዝብ ኢንሹራንስ እንደሚያስገኝ ገልጿል። የቀሩት ሦስቱ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች መሆናቸውን ግን አይርሱብኝ። ከዚህ ይልቅ በጥሞና እንዲያስቡበት የምለምንዎ አንድ ነገር አለ፦ ይህ ዛሬ መካከለኛና አስተማማኝ የሚባለው ሐሳብ በ2009 ሴኔት ውስጥ «የማይቻል» ተብሎ፣ በተለይም ሴናተር ሊበርማን ስለተቃወሙት፣ ከኦባማ ሕግ የተሰረዘው ያው ሐሳብ ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ ከማይቻል ወደ መካከለኛ የመጣው፣ በእኔ ግምት፣ ከእሱ የሚበልጥ የሚጠይቅ ሰው ስለበዛ ነው። ሳንደርስ ቢመረጡም ሴኔቱ በቀላሉ እንደማያሳልፍላቸው አውቃለሁ፤ ድርድሩ ከየት እንደሚጀምር የሚወስነው ግን የእኛ የቅድመ ምርጫ ድምፅ ነው። እርስዎ ኪስ ያለው የሜዲኬር ካርድም ቢሆን ትሩማን በ1945 ለሁሉም ዜጋ የሚሆን የጤና ዋስትና ጠይቀው ተሸንፈው፣ ከ20 ዓመት በኋላ በጆንሰን ፊርማ ለአረጋውያን ብቻ የተገኘ ነው።

ስለ ታክስ ላነሱት ጥያቄ፣ አዎን፣ ይጨምራል፤ ሳንደርስም አልደበቁትም። ሆኖም እርስዎ ታክሲ በሚነዱበት ዘመን አሠሪ ስላልነበረዎት የኢንሹራንሱን ወርኃዊ ክፍያ ሙሉውን ከኪስዎ ይከፍሉ ነበር፤ ያም ስሙ ታክስ አልተባለም እንጂ በየወሩ ከቤታችን ይወጣ የነበረ ገንዘብ ነው።

ሳንደርስ ያሸነፉበት የኔቫዳው ቅድመ ምርጫ ውጤትም አስደንቆኛል። የሆቴል ሠራተኞች ማኅበር መሪዎች በብዙ ድርድር ያገኙት የራሳቸው የጤና ዋስትና እንዳይነካ ሠግተው የሳንደርስን ሐሳብ ተቃውመው ነበር፤ ሥጋታቸውም ተገቢ ነው። ቅዳሜ ዕለት ግን ቤላጂዮ ሆቴል ድረስ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ለሳንደርስ ቆሙ። አሸናፊ ማን እንደሚሆን ከመገመት ይልቅ የጤና ዋስትና የሌላቸውን ዘመዶቻቸውን አስበው ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ድምፁ የእርስዎ ነው፤ ለማንም ቢሰጡ ቅር አልሰኝም። እስከዚያው የሁለቱን ዕቅድ ጎን ለጎን አድርገው፣ ማን ያሸንፋል የሚለውን ለጊዜው ወደ ጎን ትተው እንዲያዩልኝ እለምንዎታለሁ። ማክሰኞ ማርች 3 ምርጫ ጣቢያው ከንጋቱ 12 ሰዓት ይከፈታል፤ ከሥራ በፊት መጥቼ በመኪና እወስድዎታለሁና መንጃ ፈቃድዎን አይርሱ።

አክባሪ ልጅዎ