የመኪና ጥገና ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የቮልሷ ወለል

የመኪና ጥገና ክበብ ዘንድሮ ከአንድ መኪና ሌላ አልነካም። እሷም አሮጌ ቮልስ ናት። ያዋሱን ከትምህርት ቤታችን በጡረታ የተሰናበቱ መምህር ናቸው። «ቀለሟ አያስጨንቀኝም፣ ወለሏን ብቻ አድኑልኝ» ብለው ቁልፉን አስረከቡን። ሞተሯ ደህና ነው። ወለሏን ግን የለም ማለት ይቀላል። የኋላውን ወንበር ስናነሳው የግቢው ጠጠር ቁልጭ ብሎ ታየን።

ለምን እዚያ ጋ? ቮልስ ባትሪዋ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። ከባትሪው የሚንጠባጠበው አሲድ መጀመሪያ ቀለሙን ይልጣል። ቀለሙን ያጣ ብረት ደግሞ ውሃና አየር ካገኘ አለቀለት። ክረምት ላይ በጫማችን ይዘን የምንገባው ውሃ ምንጣፍ ሥር ተኝቶ ይከርማል። ምንጣፉ ከላይ ደርቆ ከሥር እርጥብ ነው። ባለቤቱ ነገሩን የሚያውቀው እግሩን ሲበርደው ነው።

አንደኛው መንፈቅ ዓመት ያለፈው ቮልሷን ሳንነካ ነው። ተማሪዎቹ ተነጫንጨዋል። እኔ ግን የኬሚስትሪ መምህር ነኝና ዝገትን በጠርሙስ ውስጥ ሳያዩ ግራይንደር እንዲይዙ አልፈለግኩም። ምስማሮችን ለየብቻ አስቀመጥን። አንዱን በደረቅ አየር፣ አንዱን ፈልቶ በቀዘቀዘና ከላይ ዘይት በፈሰሰበት ውሃ፣ አንዱን በተራ ውሃ፣ አንዱን በጨው ውሃ። ቀድሞ የቀላው የጨው ውሃው ነው። ጨው ራሱ ብረት አይበላም፤ ውሃው ኤሌክትሪክ በደንብ እንዲያስተላልፍ እያደረገ ዝገቱን ያፈጥነዋል።

ይህን ስናወራ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የአባቱን መኪና ፎቶ አምጥቶ አሳየን። አባቱ ከአፍዴራ ጨው የሚጭኑ ሹፌር ናቸው። የካሶኒው ጠርዝ እንደ ድርቆሽ ተሰባብሯል። ከዚያ በኋላ ጨው የሚለውን ቃል ማስረዳት አላስፈለገኝም። ከአውሮፓ አገልግለው የሚመጡ መኪኖችም ብዙ ጊዜ ከሥር ዝገው የሚገኙት በዚሁ ምክንያት ነው። እዚያ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል።

ኮካም ሞክረናል፤ ካልሞከርን አይለቁኝም ነበር። ኮካ ውስጥ ፎስፎሪክ አሲድ አለ፣ ቀለል ያለ ዝገትም ያነሳል። ለዛገ ብሎን ይሆናል። ለመኪና ወለል ግን ኮካውን መጠጣት ይሻላል።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ወደ ቮልሷ ገባን። አንድ የሰፈራችን ባትላሜራ (የመኪና ላሜራ የሚያቃናና የሚበይድ ባለሙያ) ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ አግዘውናል። ተማሪዎቹ ጋሼ ይሏቸዋል። እሳቸው መዶሻ ሳያነሱ ያስጀመሩን ሥራ መፍታት ነው። ባትሪው ወጣ። ወንበሮቹ ወጡ፤ የድሮ ወንበር ጭድ የመሰለ ሙሌት ስላለው ፍንጣሪ ካገኘው ይያያዛል። የነዳጅ ታንኩም ወጣ። ብዙ ሰው ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ነዳጁም ከኋላ ይመስለዋል። የቮልስ ታንክ ግን ከፊት፣ ኮፈኑ ሥር ነው። ወለሉ ላይ የተለጠፈውን ካትራሜም ፍቀን አነሳን፤ ብየዳ ሲደርስበት ይጨሳል፣ ይነድዳልም።

ከዚያ ካቻቢቴ ይዘን መውጋት ጀመርን። ጤነኛ ላሜራ ሲነካ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የዛገው ድምፁ ድፍን ነው፣ ወዲያውም ይበሳል። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ቀለሙ ላይ ከወጣች ትንሽ እብጠት ጀመረች። እብጠቷ ሽምብራ አታክልም። ወጋ ወጋ አድርጋ ስትጨርስ ቀዳዳው መዳፏን አሳለፈ። ደንግጣ «ቲቸር፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት?» አለችኝ። አይደለችም። ቀዳዳው ድሮም እዚያው ነበር፤ ቀለሙ ነው ደብቆት የኖረው።

ዓመቱን ሙሉ ያከራከረን ስቱኮ፣ ማለትም ተለጥፎ የሚደርቀው መሙያ ሊጥ ነው። «ለምን በስቱኮ ሞልተን አንቀባውም?» ይላሉ ተማሪዎቹ። እውነታቸውን ነው፤ ከተማ ውስጥ ስንቱ መኪና እንዲህ ሆኖ ይሄዳል። ጋሼ መልስ አልሰጡም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ የተጣለ የመኪና በር ይዘው መጡ። ቀለሙ ያብረቀርቃል። በመዶሻ መታ ሲያደርጉት ስቱኮው እንደ ሰሌዳ ተነሳ፣ ከሥሩ የተጠቀጠቀ ጋዜጣ ወጣ። ከጋዜጣው ጀርባ ደግሞ ዝገት ብቻ።

ስቱኮ እርጥበት ይስባል። ዝገት ላይ ከተለጠፈ ዝገቱ ከሥሩ ሥራውን ይቀጥላል። ቦታው ጤነኛ ብረት ላይ ነው፤ ያልተስተካከለውን በስሱ ለማስተካከል፣ ከጥቂት ሚሊሜትር ላይበልጥ። ለቀዳዳ መድኃኒቱ ላሜራ ነው። በተለይ ወለልና ማዕዘን (ከበሩ ሥር ያለው ሸክም ተሸካሚ ብረት) ላይ ስቱኮ የሚሞላ ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ ተሳፋሪውን እያታለለ ነው።

መለጠፊያው እንዴት ተሠራ? መጀመሪያ የዛገው ሁሉ ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ተቆረጠ። ቀዳዳው እየሰፋ ሲሄድ ልብ ያደማል፣ ግን ሌላ መንገድ የለም። ቀጥሎ የቀዳዳውን ቅርፅ በካርቶን አወጣን። ካርቶን ርካሽ ነው፤ ከተበላሸ ሌላ ይቆረጣል። ልኩ ሲገጥም ወደ ላሜራ ተገለበጠ። አንዳንዶቹ ከቤት የጣሪያ ቆርቆሮ አምጥተው ነበር። መለስነው። ቆርቆሮ ስስ ነው፣ የተለበጠበት ዚንክ ደግሞ ሲበየድ የሚያወጣው ጭስ ያሳምማል። ላሜራውን ያገኘነው ምናለሽ ተራ ነው፤ ከአንድ አሮጌ መኪና ኮፈን የተቆረጠ። ውፍረቱም ተቀራረበልን።

ብየዳውን የሠሩት ጋሼ ብቻ ናቸው። ይህ ከመጀመሪያው የተስማማንበት ሕግ ነው። የመኪና ላሜራ 1 ሚሊሜትር አይሞላም። በተራ ኤሌክትሮድ አንድ መስመር እበይዳለሁ ካልክ ሌላ ቀዳዳ ትከፍታለህ። ጋሼ በቀጭን ሽቦ የሚበይድ ማሽን ተውሰው ነጥብ ነጥብ እያደረጉ ነው የያዙት። አንዷን እዚህ፣ ቀጣይዋን ከወዲያ ማዶ። ሙቀቱ አንድ ቦታ ከተከማቸ ላሜራው ይጣመማል። የባልዲ ውሃ፣ አሸዋና የእሳት ማጥፊያ ከአጠገባቸው አልተለዩም።

ፓራፋንጎው፣ ማለትም የጎማው መሸፈኛ፣ የተማሪዎቹ ድርሻ ነበር። የቮልስ ፓራፋንጎ በብሎን ስለሚታሰር ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ለተማሪ ሥራ ከዚህ የሚመች የለም። ቀዳዳዎቹ ትናንሽ ነበሩ። ዙሪያውን ፍቀን፣ ከጀርባ ላሜራ በሪቪት ያዝን፣ ከፊት ስቱኮ በስሱ አለበስን። ስቱኮ ማደባለቅ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ለሎሚ ያህል ስቱኮ የአተር ፍሬ የምታህል ማጠንከሪያ ትበቃለች። አንዱ ቡድን ቶሎ ይድረቅ ብሎ አብዝቶ ጨመረ፤ ስቱኮው ፓራፋንጎው ጋ ሳይደርስ ማንኪያው ላይ ድንጋይ ሆነ። ከዚያ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምረን በ320 ጨረስን፣ ፀረ ዝገት ቀባን። በዚህ ሥራ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ የሌለው ተማሪ ከክፍሉ ይወጣል።

አንዳንድ ወላጆች «ልጄ ሐኪም እንዲሆን እንጂ» ያሉኝ አሉ። ይሁን። ግን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ፣ ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ከእኛ ጋር ይቆያሉ። ወለላቸውን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

የቀኙ ወለል አልቋል። የቀረው በግራ በኩል ከበሩ ሥር ያለው ማዕዘን ነው። በሩን ከፍተን መኪናዋን በክሪክ ስናነሳ በሩ ተመልሶ አልገጥም አለ። ይህ ማለት ማዕዘኑ ሸክም መሸከም አቁሟል ማለት ነው። ማዕዘኑ ውስጡ ባዶ ስለሆነ የሚዝገው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ ከውጭ ያየነው ትንሹን ነው። ጋሼ መኪናዋ ከሥር በደንብ ሳትደገፍና በሩ ቦታው ላይ ሳይታሰር አንዲት ቁራጭ እንዳይቆረጥ ብለዋል። የቮልሷ ባለቤትም እስከ ጥር ታግሰውናል።

የ2018 ምዝገባ መስከረም ላይ በኬሚስትሪ ላብራቶሪ ይደረጋል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ይቻላል። የምትመጡ የጥጥ ልብስና ጠንካራ ጫማ አድርጉ፤ ናይሎን ፍንጣሪ ሲነካው ቆዳ ላይ ይቀልጣል። ቤታችሁ የማይፈለግ የመኪና ኮፈን ካለ ይዛችሁ ኑ። የጣሪያ ቆርቆሮ ግን አንቀበልም።