የምንጩን ሥራ ለፈጸማችሁ፣ እኔንም ለተሸከማችሁ፦ የምስጋና መልእክት

ይህ መልእክት በወባ ታምሜ በወደቅሁ ጊዜ ለተሸከማችሁኝ፣ ላከማችሁኝ፣ ደማችሁን ለሰጣችሁኝ፣ እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለም አብረን የጀመርነውን ምንጭ የማጎልበት ሥራ ዳር ላደረሳችሁ ሁሉ ይድረስልኝ። እያንዳንዳችሁን በስም ጠርቼ ባመሰግን ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ስማችሁን አደባባይ ለማውጣት ፈቃዳችሁን አልጠየቅሁም። ስለዚህ በሥራችሁ እጠራችኋለሁ። ማን ለማን እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ።

አስቀድሜ የማመሰግነው የጤና ኬላዋን ነርስ ነው። ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ባሕር የሚሻገር ሰው ይከተባል፣ የወባ መከላከያ ኪኒን ይወስዳል፣ ኬሚካል በተነከረ አጎበር ውስጥ ይተኛል። ይህ ሁሉ አደጋውን በእጅጉ ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያስቀረውም። ትኩሳት ሲነሣ የመንገድ ድካም ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እርሷ ግን አላለፈችውም። ከጣቴ ጠብታ ደም ወስዳ በፈጣን መመርመሪያው ላይ አኖረች፤ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቃ መስመሩ መውጣቱን አየች። ከወባ ዓይነቶች ሁሉ ገዳዩ፣ ፋልሲፓረም የሚባለው ነበር። ያን ጊዜ ንግግሬ መዘባረቅ ጀምሮ እንደነበር በኋላ ነግረውኛል። መኪና እስኪመጣ አልጠበቀችም። የመጀመሪያውን የአርቴሱኔት መርፌ እዚያው ጭኔ ላይ ወጋችኝ፤ የወጋችበትን ሰዓትና የመድኃኒቱን መጠን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ፣ ወረቀቷን አጥፋ የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተተችልኝ። ሁለተኛው መርፌ ከመጀመሪያው 12 ሰዓት፣ ሦስተኛው 24 ሰዓት ቆይቶ መሰጠት አለበት። ሆስፒታል ስደርስ እኔ መናገር አልችልም ነበር፤ ሐኪሞቹ ሰዓቱን መቁጠር የጀመሩት ከዚያች ወረቀት ላይ ነው።

አርቴሱኔት የሚሠራው አርቴሚሲኒን ከተባለ፣ ከተክል ከሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዩዩ የጥንት የሕክምና መጻሕፍትን አገላብጠው ንጥረ ነገሩን ለማውጣት የበቁት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ ለዚህም በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ለእርሳቸውም ምስጋናዬ ትልቅ ነው። ይሁንና መድኃኒት በዓለም ላይ መኖሩና የታመመ ሰው ሥጋ ውስጥ በሰዓቱ መግባቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛው የሚፈጸመው መንገድ በማይገባበት ኬላ ብቻዋን ተረኛ በምትሆን ነርስ እጅ ነው።

በዚያ ሌሊት ከኬላው እስከ መኪና መንገዱ ድረስ በቃሬዛ የተሸከማችሁኝ ወጣቶች፣ ጭቃው እስከ ጉልበት እንደነበር ሰምቻለሁ። አንዳችሁ ቃሬዛውን ለሌላው ስትለቁ እንኳ እንዳላናወጣችሁኝ ነው የተነገረኝ። መኪናውን ያሽከረከሩት አባትም የነዳጁን ዋጋ ለመቀበል እንቢ ብለዋል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ከማለት በቀር ምን ቃል አለኝ?

ሆስፒታል ከገባሁ በኋላ ሕይወቴን የያዘው ከዚህ ሁሉ የተለየ፣ ፊቱን የማላየው ሰው ነው። የወባው ተውሳክ ቀይ የደም ሕዋሳትን ውስጣቸው እየተራባ ያፈነዳቸዋል፤ በዚህም ምክንያት ደሜ እጅግ ወርዶ ስለነበር ሐኪሞቹ ደም ሰጡኝ። ሲሻለኝ ከአልጋዬ በላይ የተሰቀለውን ከረጢት አየሁት። የደም ዓይነት፣ ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን እንጂ ስም አልነበረበትም። ቀይ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ ቢበዛ ወደ 42 ቀን ገደማ ነው የሚቆየው። ስለዚህ አንድ ሰው፣ እኔ ከመታመሜ በፊት ባሉት ሳምንታት ውስጥ፣ ከሥራው ወይም ከትምህርቱ ጊዜ ቆርሶ፣ ክንዱን ዘርግቶ ሄዷል። ማንም አላጨበጨበለትም፤ ፎቶግራፍም የተነሣ አይመስለኝም። እኔ አገር አቋርጬ በመሄዴ ብዙ ሰው አመስግኖኛል። ያ ሰው ከሰፈሩ ሳይርቅ ያደረገውን የሚያህል ነገር አላደረግሁም። ማን እንደሆንህ፣ ማን እንደሆንሽ አላውቅም፤ ምስጋናዬ ግን በየዕለቱ አብሮኝ ይነሣል።

አሁን ወደ ምንጩ ልመለስ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነውና።

ከሁለት ምንጮች አንዱን መምረጥ ነበረብን። ውሃ የሚቀዱት እናቶችና እኅቶች በበጋው ማብቂያ የትኛው እንደሚደርቅ፣ የትኛው ቀጥኖም ቢሆን እንደማይቋረጥ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቃሉ። የእነርሱን ቃል ይዘን መለኪያውን ያደረግነው በዚያው በደረቁ ወቅት ነው፤ በዝናብ ጊዜ የሚለካ ምንጭ ሁሉ ሀብታም ይመስላልና። 20 ሊትር የሚይዘው ጀሪካን በ40 ሰከንድ ሞላ። በሰከንድ ግማሽ ሊትር፣ በቀን 43,200 ሊትር ማለት ነው። በሰብዓዊ ዕርዳታ ሥራ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ይታሰባል። ሌሊት የሚወርደውን የሚያጠራቅም ገንዳ ከተሠራ፣ ምንጩ መንደሩን ከነልጆቹ ያጠግባል። እናቶች ይህን ስሌት ስንነግራቸው ተሳስቀው «እኛስ ምን አልን?» ብለው ነበር። እውነታቸውን ነው።

ግንበኛው አባታችን፣ ከእርስዎ የተማርሁትን ለማንም ብናገር አይሰለቸኝም። ቁፋሮው የምንጩ ዓይን ላይ ሲደርስ ሁሉም አካፋውን እንዲያስቀምጥ አዘዙ፤ ከዚያም ተንበርክከው ጭቃውን በጣቶችዎ ብቻ እየጠረጉ ውሃው ከየትኛው ስንጥቅ እንደሚወጣ ፈለጉ። የትርፍ ውሃ መውጫ ቱቦው ከምንጩ ዓይን ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ ሦስቴ አስለክተውናል። ውሃው ከታፈነና ወደ ኋላ ከተገፋ በሌላ ስንጥቅ መውጫ ያበጃል፤ አንድ ጊዜ አቅጣጫ ከቀየረ ደግሞ የተገነባው ሁሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይቀራል። ታጥቦ የጸዳውን ድንጋይና ጠጠር ስንደረድር ነው እኔ የታመምሁት።

የቀረውን እናንተ ሠራችሁት። ጠጠሩን በሸክላ አፈር ደፈናችሁ፣ የኮንክሪት ክዳኑን ገጠማችሁ፣ ከበላይ የሚመጣው ጎርፍ እንዳይገባ ማፋሰሻ ቦይ ቆፈራችሁ፣ ከብት እንዳይረግጠው ዙሪያውን አጠራችሁ፣ ቧንቧውን እስከ ቦኖው ዘረጋችሁ። ማንም አልቀሰቀሳችሁም፤ አልጋዬ አጠገብ የነበሩት የሥራ ባልደረቦቼ እንኳ የሰሙት ውሃው ቦኖ ከደረሰ በኋላ ነው። ያን ዜና ስሰማ ያለቀስሁት ልቅሶ የሕመም አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1920 ስዊዘርላንዳዊው ፒየር ሴሬዞል፣ በጦርነት የወደመ መንደር መልሶ ለመገንባት ጀርመናውያን ጭምር ያሉበትን የፈቃደኞች ቡድን ይዞ ወደ ፈረንሳይ፣ ቨርዳን አካባቢ ሄዶ ነበር። የዛሬው ዓለም አቀፍ በጎ ፈቃደኝነት አንዱ መነሻ ያ ነው። ግን የጦርነቱ ቁስል ገና ስላልሻረ የአካባቢው ሰው ጀርመናውያኑን ሊቀበል አልቻለም፤ ሥራውም በወራት ውስጥ ተቋረጠ። ይህን ታሪክ ሳነብ የማስበው እናንተን ነው። ቋንቋችሁን በወጉ የማልናገረውን እኔን ቤታችሁ አስገባችሁኝ፣ በየመንደሩ ስዘዋወርም መንገድ ላይ አላሳደራችሁኝም። ያስጠጉኝ እናቴ፣ እርስዎ የበሩን መወርወሪያ ሳልመጣ ዘግተው አያውቁም። ቋንቋውን ያስተማርኸኝና በየስብሰባው ያስተረጎምህልኝ መምህርም፣ ሰዎች ያሉትን ሳታለዝብና ሳትጨምር ስለነገርኸኝ አመሰግንሃለሁ። ብዙ አስተርጓሚ እንግዳውን ላለማስቀየም ብሎ «ተስማምተዋል» ይላል። አንተ «አልተስማሙም፤ ምክንያታቸውም ይህ ነው» ትለኝ ነበር።

የውሃ ኮሚቴውን ገንዘብ ያዥ ለብቻዋ አመሰግናለሁ። ከየቤቱ የሚሰበሰበውን ወርሃዊ መዋጮ፣ ለቧንቧ ጎማና ለክሎሪን የወጣውን ሁሉ፣ በደረሰኝ እያያያዘች በደብተር ትይዛለች። በዓለም ዙሪያ የተሠሩ ስንት ቦኖዎች አንድ ርካሽ መለዋወጫ ጠፍቶ ቆመው ቀርተዋል። ይህኛው የማይቆመው በእርሷ ደብተር ምክንያት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1985 ዲሴምበር 5ን የበጎ ፈቃደኞች ቀን ብሎ ሰይሟል፤ በዚያ ቀን ሻንጣ የያዘ እንደ እኔ ያለ ሰው ምስል በብዛት ይታያል። ብችል ኖሮ የእርሷን ደብተርና የነርሷን ቁራጭ ወረቀት አሳይ ነበር።

ለቤተሰቦቼም ምስጋናዬ ይድረስ፤ ስልክ አጠገብ ተቀምጣችሁ ያደራችሁባቸውን ሌሊቶች አልረሳም።

ለኮሚቴው፦ የቧንቧ መስመሩን ንድፍ በሁለት ቅጂ ልኬያለሁ፤ አንዱ በገንዘብ ያዧ፣ ሌላው በጤና ኬላው ይቀመጥ። የመዝጊያ ቫልቮቹ ቦታ በቀይ ተመልክቷል። በእኔ ቦታ የሚመጣው በጎ ፈቃደኛ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ግንበኛውን አባታችንን እንዲያገኝ አስቀድሜ ነግሬዋለሁ። መምህር፣ ይህን መልእክት ማንበብ ለማይችሉት በተለይ ውሃ ለሚቀዱት እናቶች ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልኝ።

በፍቅርና በአክብሮት፣
ምንጩ ላይ አብሯችሁ የሠራው በጎ ፈቃደኛ