ጳጉሜን ያጣችው እኅቴ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ታናሽ እኅቴ የተወለደችው ጳጉሜን 3 ቀን ነው። ወረቀቷ ግን ነሐሴ 30 ይላል። የመዘገባት ኮምፒውተር የሚያሳየው 12 ወር ብቻ ነበር። ጸሐፊዋ «ነሐሴ 30 ልበለው?» ስትላት፣ ወረፋው ያሰለቻት እኅቴ «በይው» አለቻት። አለቀ። እኛም በ3 ቀን አስረጇት እያልን እንስቃለን።

እኔ ግን ብዙ መሳቅ የለብኝም። ባሕር ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ ባለች ጠባብ ቢሮ ፕሮግራም ጽፌ የማድር ሰው ነኝ። ከዚህ የባሰም ሠርቻለሁ።

ለጥቂት የጀልባ ባለቤቶች የቀጠሮ መመዝገቢያ ሠርቼላቸው ነበር። አንድ ቤተሰብ ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ለመሳለም «2፡00» ብሎ ተመዘገበ። ጠዋት 2 ሰዓት ማለታቸው ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን? የኔ ፕሮግራም በፈረንጅ 2 ሰዓት ብሎ አነበበው። ከዚያ ደግሞ ታማኝ ሆኖ ወደኛ አቆጣጠር ቀየረና «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የሚል መልእክት ለነጂው ላከ። ነጂው ሽማግሌ ናቸው። ማታውኑ ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ በሌሊት 8 ሰዓት ጣና ላይ የሚንጎራደድ ጉማሬ ነው እንጂ ሰው አይደለም» አሉኝ። «ይቅርታ ጋሼ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም።

ሰዓትስ ሰው ደውሎ ያቃናዋል። ድምፁን አጥፍቶ የሚበላሸው ቀን ነው። 05/06/2017 ብሎ የጻፈ ሰው የካቲት 5 ማለቱ ነው ወይስ ጥር 6? በፈረንጅ ከሆነ ጁን 5፣ አሜሪካኖች እንደሚጽፉት ከሆነ ደግሞ ሜይ 6። የእኅቴን ልደት 03/13 ብላችሁ ብትጽፉት፣ ወርን ከፊት የሚያነብ ማሽን ማርች 13 ብሎ ይቀበላችኋል፤ ቅር እንኳ አይለውም። ጥቅምት 30ስ? ጃቫስክሪፕት ለሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ሁለተኛውን ወር፣ ቀኑን 30 ብላችሁ በቁጥር ስጡት። ፌብሩዋሪ 30 የለውም ብሎ አይመልሳችሁም፤ ዝም ብሎ ወደ ማርች ይገፋዋል። (እግረ መንገዴን፣ ወሩን ከ0 ጀምሮ የሚቆጥረውም እሱው ነው፤ ሁለተኛው ወር ለሱ 1 ነው። ያንን ይቅር ያልኩት ከስንት ዓመት በኋላ ነው።)

አይ ኤስ ኦ 8601 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ በፈረንጅ 1988 የወጣ። ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብላችሁ ጻፉ ይላል። የቅደም ተከተሉን ጭቅጭቅ ያስቀራል። ግን ለጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰፋ ልብስ ነው፤ የኛን ቀን ሳይቀይሩ እዚያ ውስጥ መክተት ማሽኑን ማሳሳት ነው።

መሣሪያው ጠፍቶ አይደለም። ያው ጃቫስክሪፕት «ኢትዮፒክ» ብላችሁ ብትጠይቁት ቀኑን ከነጳጉሜኑ በኛ አቆጣጠር ያሳያል። ሰዓቱን ግን 6 ቀንሶ አይሰጣችሁም፤ እሱ የናንተ ሥራ ነው። ስለዚህ ፕሮግራም የምታሠሩ መሥሪያ ቤቶች ሆይ፣ ከመረከባችሁ በፊት ጳጉሜን 3 ብላችሁ አስገቡና ሞክሩት። ከዚያ ጳጉሜን 6 ቀን 2015። ይህኛው እውነተኛ ቀን ነው። ቀጥላችሁ ጳጉሜን 6 ቀን 2016ን ሞክሩ፤ ይህንን ከተቀበለ ክፍያውን ያዙበት።

እናንተንም ልለምን፤ በማስታወቂያ ገጻችሁ «በ3፡00» ብቻ አትበሉ። «ከጠዋቱ» የምትለው ቃል ብዙ ቦታ አትወስድም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ጀምሮ በሰከንድ ነው። ቁጥሩን በ32 ቢት፣ ማለትም በ32 የ0 እና የ1 ቦታዎች ብቻ የሚይዙት አሮጌዎቹ፣ ጥር 11 ቀን 2030 ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ ሞልቶባቸው ወደ 1894 ዓ.ም. ይመለሳሉ። የጥምቀት ዕለት፣ ልክ ሲነጋ። ደንበኞቼ ከአሁኑ ይወቁልኝ፤ በዚያ ሰዓት ስልክ አላነሳም፣ ባሕረ ጥምቀቱ ዳር ነኝ።

የጀልባ ቀጠሮ ያሳሳተው ፕሮግራመር
ከባሕር ዳር