ስድስት ኪሎ ስልሽ ሰፈሩን አይደለም

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው። ትንሿ የፊት ጥርሶቿ ሁለቱም ወልቀዋል። ጣሪያ ላይ እንወርውረው ብላት «የቱ ጣሪያ ላይ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ከላያችን አራት ፎቅ አለ። ትልቁ ኳስ ጀምሯል። ጫማ ቶሎ ቶሎ ይጠበዋል። ብርዱም ገብቷል።

ይኸውልሽ፣ ስለ ልጆቹ ሁለት ገጽ ልሞላልሽ እችላለሁ። ስልክ ላይም የምናደርገው ይኼንኑ ነው። «ጉልበትሽስ?» ስልሽ «ልጆቹስ?» ትይኛለሽ። ለዚህ ነው ደብዳቤ በሰው እጅ የላኩልሽ። ወረቀት ላይ ወሬ ማስቀየር አትችይም።

ወንድሜ ነግሮኛል። አትቆጪው። የምርመራ ወረቀትሽን ፎቶ አንስቶ የላከልኝ ለምኜው ነው። በባዶ ሆድሽ የተለካው ስኳር 118። ክብደትሽ 86 ኪሎ። ከ100 እስከ 125 ያለው ገና ስኳር በሽታ አይባልም፤ ደጅ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ሐኪሙ «ክብደት ቀንሺ» ሲልሽ «በዚህ ዕድሜዬ!» ብለሽ ስቀሽ ወጣሽ አሉ።

ምን ያህል እንደሆነ ቢነግርሽ ኖሮ አትስቂም ነበር። የሰርግሽን ፎቶ ምሰዪ ያለሽ የለም። ስድስት ኪሎ ነው። ሰፈሩን አይደለም! ከ86 ወደ 80። በቃ። በወር አንድ ኪሎ ቢሄድ በስድስት ወር አለቀ።

ከራሴ አምጥቼ አይደለም። እዚህ አሜሪካ ስኳራቸው እንዳንቺ ደጅ ላይ የደረሰ ከ3,000 በላይ ሰዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ውጤቱ የወጣው በ2002 በፈረንጆቹ ነው። አንዳንዶቹን ከክብደታቸው ሰባት በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ አደረጓቸው። የማስመሰያ ክኒን ከተሰጣቸው ጋር ሲወዳደሩ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ወረደ። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ላይማ በ71 በመቶ። እውነተኛውን የስኳር ክኒን የወሰዱት ላይ ግን የወረደው በ31 በመቶ ነበር። አንቺ 64 ነሽ። «አርጅቻለሁ» የምትይው ነገር እዚህ ላይ ለአንቺ ነው የሚሠራው። ከ86 ላይ ሰባት በመቶ ደግሞ ያው ስድስት ኪሎ ነው። እኔም ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ።

ጉልበትሽን ደግሞ ስሚኝ። ከሰውነትሽ አንድ ኪሎ ሲወርድ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበትሽ ላይ የሚያርፈው ጫና አራት ኪሎ ያህል ይቀንሳል። አየሽ፣ አራት ኪሎም መጣ። ስድስቱን በአራት አባዢው፤ ሩብ ኩንታል ጤፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ያንን ይዘሽ ነው የጀሞን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ የምትወጪው። ያንን ጉልበት የጨረሽው እኛን ስታሳድጊ እንደሆነ አልረሳሁም።

«ከሳች፣ ምን ነካት ይሉኛል» እንደምትይ አውቃለሁ። የኛ ሰው ሲወፍሩ «ተመችቶሻል»፣ ሲከሱ «አሞሽ ነበር እንዴ?» ነው። ስድስት ኪሎ ግን ዕድርተኛው አያስተውለውም። ቀሚስሽ ብቻ ነው የሚያውቀው።

«እጾም የለም እንዴ?» እንዳትይኝ ደግሞ። ትጾሚያለሽ እማዬ። ግን ዘይቱ ላዩ ላይ ካልተንሳፈፈ የጾም ወጥ ወጥ አይመስልሽም። ሻይሽ ሦስት ማንኪያ ስኳር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆዪና የቀኑን ሁሉ ባንዴ። ዘይቱን መድፋት ትተሽ በማንኪያ ለኪው። ስኳሩን ቀስ እያልሽ ወደ አንድ ማንኪያ አውርጂው። አንዱ እንጀራ ይኑር፣ ሁለተኛው ይቅር። መንገዱን ደግሞ ሜዳ ሜዳውን፣ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ብቻ።

የግፊት ክኒንሽን ሻል አለኝ ብለሽ እንዳታቆሚ። ክብደቱ ሲወርድ ግፊቱም ሊወርድ ይችላል፤ መጠኑን የሚቀይረው ግን ሐኪሙ ነው።

አሁን ስልክ ላይ ልናገረው ያልቻልኩትን ልናገር።

አባዬም «ደህና ነው» ነበር። እግሩ ላይ ያለው ቁስል «ጫማ ልጦት ነው» ነበር። ስኳር የሚል ቃል ከአንዳችሁም አፍ አልወጣም። ያን እሁድ ስደውል «አባዬን አቅርቢልኝ» አልኩሽ። «ተኝቷል» አልሽኝ። ለካ ከተቀበረ ሦስት ቀኑ ነው። እኔ ደግሞ «በቃ እንዳትቀሰቅሺው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

እንዳትቀሰቅሺው አልኩሽ እኮ።

ከዚያ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ማን እንደሆነ መጠየቅ እንኳን አላስፈለገኝም። ትንሿን እርጉዝ ነበርኩ፤ ለእሷ ብለሽ ነው። ሰው ሁሉ «ደግ አደረገች» አለኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ልረዳሽ ሞከርኩ። ግማሹ ገብቶኛል። ግማሹ እስካሁን አልገባኝም። ቢያንስ ድምፅሽ አልተንቀጠቀጠም። እንዴት ቻልሽው?

ያ ሁሉ ለቅሶ ላይ ሳለሽ ስልኬን ማንሳትሽም አንድ ነገር ነው። ይኼንንም አስባለሁ።

አሁን ግን ወንድሜ ስልኩን አንስቶ «እማዬ ተኝታለች» ባለኝ ቁጥር እጄ ይበርዳል። ሥራ ላይ ከሆንኩ ወጥቼ መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ። ከዚያ መልሼ እደውልና «ቀስቅሳት» እለዋለሁ። በእንቅልፍ ድምፅ «ምን ሆነሻል?» ትይኛለሽ። «ምንም፣ ልጆቹ ናፍቀውሽ ነው» እልሻለሁ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው።

ሻንጣው ውስጥ ጫማ አለ፣ 39 ቁጥር። ለማንም እንዳትሰጪ። አውቅሻለሁ። የስኳር መለኪያዋ በካልሲው ተጠቅልላለች፤ ወንድሜ ያሳይሻል። ጠዋት ምንም ሳትቀምሺ ለክተሽ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፊው። ሲጨምርም ንገሪኝ፤ ሲጨምር ይበልጥ ንገሪኝ። ዕቃውን ያመጣችልሽን ልጅ ቡና ሳታጠጪ እንዳትሸኚያት፣ ከቦሌ በቀጥታ ነው የምትመጣው።

እሁድ በእናንተ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ስልኩን ራስሽ አንሺው። እንቅልፍ ከጣለሽም «ስትደውል ቀስቅሱኝ» ብለሽ ተኚ።

ልጅሽ