ስምንተኛው ሺህ ከገባ ቆይቷል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

«ስምንተኛው ሺህ ሊገባ ነው»፣ «በስምንተኛው ሺህ ደጃፍ ላይ» የሚሉ ርዕሶች በጋዜጦቻችን እየበዙ ነው። ጅማ ሂርማታ ገበያ ላይ አንዲት እናት የሽንኩርት ዋጋ ሰምተው «ኧረ ስምንተኛው ሺህ!» ቢሉ የሚታረም ነገር የለውም። በአነጋገር ቃሉ «ጉድ ፈላ» ማለት ሆኗል፤ እሳቸውም የዘመን ቁጥር አልተናገሩም። ጋዜጣ «ሊገባ ነው» ብሎ ሲያትም ግን ቁጥር ተናግሯል፤ ቁጥሩም ስሕተት ነው። ስምንተኛው ሺህ ከገባ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ስሌቱ አጭር ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው። ይህን ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ሲደምሩ ዓመተ ዓለም ይገኛል፦ 2018 ሲደመር 5500፣ 7518። የመጀመሪያው ሺህ ከ1 እስከ 1000 ከሆነ፣ ስምንተኛው ከ7001 እስከ 8000 ነው። 7001 ላይ 5500 ሲቀነስ 1501 ይቀራል። ስለዚህ ስምንተኛው ሺህ የገባው መስከረም 1 ቀን 1501 ዓመተ ምሕረት ሲሆን የሚያበቃው ጳጉሜን 5 ቀን 2500 ነው። ዘንድሮ 518ኛ ዓመቱ ላይ ነን። ጸሐፊዎቹን የሚያሳስታቸው 8000 ሲሞላ «ስምንተኛው ሺህ ገባ» የሚባል ስለሚመስላቸው ነው። ያን ጊዜ የሚገባው ዘጠነኛው ነው።

ሁለተኛው ስሕተት 5500ን ከአውሮፓ ዓመት ጋር መደመር ነው። የደመሩት ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ዓመተ ዓለሙን ለ4 ያካፍሉ፤ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። 7518 ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። በ2026 ያሰላ ሰው 7526 ያገኛል፤ ልዩነቱ 8 ስለሆነና 8 ለ4 ስለሚካፈል እሱም ማርቆስ ይወጣለታል፤ ስሕተቱ ይደበቃል። የሚያጋልጠው የዕለቱ ስሌት ነው። ዓመተ ዓለሙንና ለ4 ተካፍሎ የደረሰውን (መጠነ ራብዒት የሚባለውን) ደምረው ለ7 ያካፍሉ። ጥንተ ቀመር፣ ማለትም የስሌቱ መነሻ ዕለት፣ ማክሰኞ ስለሆነ 1 ሲተርፍ መስከረም 1 ማክሰኞ ይውላል፤ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳል፤ ምንም ካልተረፈ ሰኞ ነው። 7518 ሲደመር 1879፣ 9397፤ ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ሐሙስ። የዘንድሮው እንቁጣጣሽም ሐሙስ ነበር። በ7526 የሠራው ሰው ግን እሑድ ላይ ይወድቃል።

ቃሉ ከፍጻሜ ጋር የተያያዘው በከንቱ አይደለም። ለአዳም የተሰጠው የ«አምስት ቀን ተኩል» ተስፋ 5500 ዓመት ሆኖ የተተረጎመው፣ 2ኛ ጴጥሮስ 3፥8 በጌታ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነው ስለሚል ነው። ሰባቱ ቀን ሰባት ሺህ ከሆነ ስምንተኛው ያስፈራል። ዐፄ ናዖድ ስምንተኛውን ሺህ እንዳያዩ ጸለዩ ይባላል፤ ያረፉትም በ1500 ማለቂያ፣ ሰባተኛው ሺህ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። በልጃቸው በልብነ ድንግል ዘመን የደረሰው ጦርነት ፍርሃቱን አጸናው። ፍርሃቱ የእኛ ብቻ አልነበረም። የቁስጥንጥንያ አቆጣጠር ከእኛ ቀድሞ በአውሮፓውያኑ 1492 ሰባት ሺህ ሲሞላ፣ የሞስኮ ቤተ ክርስቲያን የፋሲካ ሰንጠረዥ እዚያው ላይ አልቆ ስለነበር ሊቃውንቱ ተቀምጠው መቀጠያ ማስላት ግድ ሆነባቸው። የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት የሆነው ባሕረ ሐሳብም ቢሆን የሚያወጣው አጽዋማትንና በዓላትን ነው፤ የዓለምን ማለፊያ የሚያወጣ ስሌት የለውም።

ጅማ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በአፋን ኦሮሞ «ቂያማ» ብሎ የተናገረ ሰው ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ «ስምንተኛው ሺህ» ሆኖ ሲታተም ይታያል። ይህ ትርጉም ሳይሆን ጭማሪ ነው። ቂያማ መነሣት፣ መቆም ማለት ነው፤ ሙታን ለፍርድ የሚነሡበት ቀን። የሺህ ቆጠራ የለበትም፤ ሱረቱል አዕራፍ 187ኛው አንቀጽ የሰዓቲቱ እውቀት በጌታዬ ዘንድ ብቻ ነው በል ይላል። «ምጽአት» ብሎ መተካትም አያስኬድም። ምጽአት የክርስቶስ መምጣት ነው፤ በዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ፣ በደብረ ዘይት፣ ማቴዎስ 24 የሚነበብለት። በእስልምና ግን የነቢዩ ዒሳ መውረድ ከቂያማ በፊት ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ እንጂ ራሱ ቂያማ አይደለም። ተናጋሪው ቂያማ ካለ ቂያማ ብሎ መተው ነው፤ አማርኛ አንባቢ ቃሉን ያውቀዋል። ስለ ዓለም ማለፍ በጠቅላላው ለመጻፍ «ኅልፈተ ዓለም» አለ፤ ስለ ፍርዱ «ዕለተ ደይን»።

«አፖካሊፕስ»ን ለጥፋት የምትጠቀሙበት ነገርም አለ። በግሪክኛ መግለጥ ማለት ነው፤ በእኛ ዘንድ «አቡቀለምሲስ» ሆኖ የባለ ራእዩ የዮሐንስ ቅጽል ሆኗል። የፈረሰ ድልድይ ዜና ላይ ቦታ የለውም።

በመጨረሻ ለፊደል ለቃሚዎቻችሁ፦ ዓመተ ዓለሙን በግእዝ አኀዝ ስታትሙ ፸፭፻፲፰ ነው የሚጻፈው። ሰባ አምስት መቶ ዐሥራ ስምንት ተብሎ ይነበባል። ፯፭፩፰ ብሎ አሃዞቹን እንደ ስልክ ቁጥር መደርደር በግእዝ አቆጣጠር ቁጥር አይሆንም።

ከሰላምታ ጋር፣
የባሕረ ሐሳብ መምህር፣ ከጅማ