«በፈቃዴ ለቅቄአለሁ» ብሎ ከመፈረም በፊት

ክቡር አዘጋጅ፣

የጥበቃን፣ የጽዳትንና የምግብ ቤትን ሥራ ሠራተኛ ለሚያቀርብ ኤጀንሲ መስጠት ጅማም ውስጥ እየተለመደ ነው። ድርጅቱ ይህን እንዳያደርግ የሚከለክለው ሕግ የለም። የሚያስጨንቀን ሠራተኛው በዚያ ሰሞን እንዲፈርም የሚሰጠው ወረቀት ነው።

ብዙ ጊዜ ሁለት ወረቀት አብሮ ይመጣል። አንዱ «በራሴ ፈቃድ ሥራዬን ለቅቄአለሁ» ይላል፤ ሌላው ከኤጀንሲው ጋር የሚደረግ አዲስ ውል ነው። «ደመወዝሽ ያው፣ ቦታሽም ያው፤ ለወጉ ያህል ነው» ትባላለች። ለወጉ የተባለው ወረቀት ግን የዓመታት አገልግሎቷን ይዞባት ይሄዳል።

በቁጥር እንየው። በወር 3,600 ብር የሚከፈላት፣ 4 ዓመት የሠራች የጽዳት ሠራተኛ አለች እንበል። የቀን ደመወዟ 120 ብር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የስንብት ክፍያዋ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም 3,600 ብር ነው። ለቀሩት 3 ዓመታት በየዓመቱ የዚያ ሲሶ፣ 1,200 ብር ይጨመራል፤ ድምሩ 7,200 ብር። የተሰናበተችው በሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ፣ ሌላ 7,200 ብር አላት። በቅነሳ የሚሰናበት ሠራተኛ የማስጠንቀቂያ ጊዜው 2 ወር ስለሆነ፣ ካልተሰጣት 7,200 ብር ይታሰብላታል። በጠቅላላው 21,600 ብር፤ ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድ ሳይቆጠር ነው። በፈቃዷ እንደለቀቀች ከፈረመች ግን ከዚህ ሁሉ አንድም ብር አታገኝም፤ በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ የሚያገኘው ቢያንስ 5 ዓመት ሲያገለግል ነውና።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። አዲሱ ውል እስከ 60 የሥራ ቀናት የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ሊኖረው ይችላል። በዚያ ጊዜ ለሥራው አልተስማማችም ከተባለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ትሰናበታለች። አራት ዓመት የጠረገችውን ኮሪደር ዛሬ «ለሙከራ» ትጠርጋለች ማለት ነው!

አንድ የተሳሳተ ግምትም አለ። «ድርጅት ቢሸጥም ውላችን አይነካም» ሲባል እንሰማለን። እውነት ነው፤ የድርጅት መቀላቀል፣ መከፋፈል ወይም የባለቤትነት መተላለፍ የሥራ ውልን አያቋርጥም። የጽዳቱን ሥራ ብቻ ለኤጀንሲ መስጠት ግን የባለቤትነት መተላለፍ አይደለም፤ አገልግሎት በራሱ ተቆጥሮ ይተላለፋል ብሎ መተማመን አይገባም። በሌላ በኩል አሠሪው «ሥራው ቆሟል» የሚለውም በቀላሉ አይቆምለትም፤ ያው ኮሪደር በማግስቱ በሌላ ሰው እየተጠረገ ነዋ።

ስለዚህ ለመዛወር የተስማማ ሠራተኛ የመልቀቂያውን ወረቀት ትቶ፣ ነባሩ አሠሪ፣ ኤጀንሲውና እሱ ራሱ የሚፈርሙበት አንድ ሰነድ ይጠይቅ። ሰነዱ የተቀጠረበትን የመጀመሪያ ቀን፣ ያለፈው አገልግሎት እንደሚታሰብ፣ የሙከራ ጊዜ እንደሌለ፣ የቀረውን የዓመት ፈቃድ ማን እንደሚከፍል ይዘርዝር። ይህን ካልፈለጉ የስንብት ደብዳቤ ይስጡትና ሒሳቡን በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይክፈሉት። የጡረታ መዋጮም ይታይ፦ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። ከደመወዝ ተቆርጦ ገቢ ሳይደረግ የሚከርምበት ጊዜ አለና፣ በጡረታ መለያ ቁጥሩ ማጣራት ያስፈልጋል።

ብዙውን ጉዳይ የሚገድለው ይርጋ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያው ጊዜ ማለፍ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር፣ የስንብትና ሌሎች ክፍያዎች ክስ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። የዳኝነት ክፍያ የለበትም። ለሥራ አስኪያጁ ማመልከቻ መጻፍም ሆነ ሽማግሌ መላክ ይርጋውን አያቆመውም፤ አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ካላመነ ወይም ጉዳዩ ሥልጣን ላለው የመንግሥት አካል ካልቀረበ በቀር ቀኑ ይቆጥራል።

የሠራተኛ ጉዳይ አቤቱታ የምንጽፍ፣ ከጅማ