ዘንድሮ ሚያዝያ 27 እናንተ አደራ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን እየተሻለኝ ነው። የሐሞት ጠጠሩ ኦፕራሲዮን በሰላም አልቋል። በዚህ በደብረ ብርሃን ብርድ ትኩስ አጥሚት ይዛችሁ ለመጣችሁ ሁሉ ዕድሜ ይስጥልኝ። በር ሲንኳኳ ሕመሜ ቀለል ይለኝ ነበር።

በአርበኞች የድል ቀን በሚያዝያ 27 ግን መውጣት አልችልም። እናንተ አትቅሩብኝ። በ1933 ያ ቀን የመጣው ራስ አበበ አረጋይና የሸዋ አርበኞች በመንዝና በተጉለት ገደላገደል አምስት ዓመት ስለተዋጉ ጭምር ነው። ደግሞ ጡረታ የወጡትን የሰፈራችንን ወታደሮች አትርሱ። አበባ ብቻ አይበቃም። ቤታቸው ሂዱ። መድኃኒት እንዳላቸው ጠይቁ፤ ሲያወሩም ሳትቸኩሉ ስሟቸው። የምትሄዱ ቀድማችሁ ደውሉልኝ፣ እኔም የማዋጣው አለኝ።